ያልታየ ሁሉ የለም ማለት አይደለም
በእርግዝና መጀመሪያ ደም ሲታይ ሐኪም ለታካሚዋ ምን ይላል?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ንጋትን የሚጠብቅ ሰው ግን ሌሊቱን የሚያሳልፍበት ዘዴ ያስፈልገዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ እንዲህ ያለውን ሌሊት ይመለከታል። አንዲት ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ሳምንታት ደም አይታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትሮጣለች። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ «ገና አልታወቀም» ከማለት በቀር ሌላ እውነተኛ መልስ የሌለው ሆኖ ይገኛል። ይህን ቃል እንዴት እንደሚናገረውና ከእርሱ ጋር ምን አያይዞ እንደሚሰጣት የዚህች ሴት ጤና፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት፣ ይወሰንበታል።

ጉዳዩ የሴቶች ብቻ ነው ብሎ ገጹን ሊያልፍ የሚያስብ አንባቢ ካለ ጥቂት እንዲታገሠን እንጠይቀዋለን። በግዳጅ ላይ ላለ የሠራዊት አባል ከቤቱ የሚደርሰው መልእክት ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «ባለቤትህ ደም ታይቷት ሐኪም ቤት ገብታለች» ከሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በላይ ላይሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግምትና ጭንቀት የሁለቱም ነው። በከተማውም እናት፣ እኅትና ጎረቤት የየራሳቸውን ፍርድ ይዘው ይመጣሉ። አንዷ «በቃ፣ ወርዷል» ትላለች፤ ሌላዋ «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ትላለች። ሁለቱም የሚናገሩት ያላዩትን ነው።

ሦስቱ መንገዶች

በቅድሚያ አኃዙን እንመልከት። ከአራት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ያህል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ደም ታያለች። ይህ ሁሉ ደም ግን ጽንሱ መጨንገፉን አያመለክትም። በብሪታንያ በ48 ሆስፒታሎች 4,153 ሴቶችን አሳትፎ ውጤቱ በ2019 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በጥናቱ የገቡት ሴቶች ሁሉ ደም የታያቸውና የእርግዝናው ከረጢት በማኅፀናቸው ውስጥ መኖሩ በአልትራሳውንድ የተረጋገጠ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ብቻ ከተሰጣቸው ከመቶ 72ቱ ከ34ኛው ሳምንት በኋላ በሕይወት ያለ ልጅ ወልደዋል።

ይህን አኃዝ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው። ደም ስላየ ብቻ «አበቃ» የሚል ሐኪም ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ይሳሳታል። «ምንም የለም» ብሎ የሚያሰናብትም ከአራት አንድ ጊዜ ያህል ይሳሳታል። ሁለቱም መልሶች ለጊዜው ልብ ያሳርፋሉ፣ ወይም ይሰብራሉ እንጂ በማስረጃ ላይ የቆሙ አይደሉም።

ደም አይታ ወደ ሐኪም በምትመጣ ሴት ፊት ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው እርግዝናው ደህና ሆኖ የሚቀጥልበት ነው። ሁለተኛው ጽንሱ የጨነገፈበት ወይም የሚጨነግፍበት ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የሚያሠጋው ሲሆን፣ ጽንሱ ከማኅፀን ውጪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማኅፀን ቱቦ ውስጥ ተተክሎ የሚያድግበት ነው። ይህ ሦስተኛው ከመቶ እርግዝና በአንዱ ወይም በሁለቱ የሚደርስ ሲሆን፣ ሕመምና ደም ኖሯቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሚመጡት መካከል ግን ድርሻው ከዚህ ከፍ ይላል። ሦስቱም በመጀመሪያው ቀን አንድ ዓይነት መልክ ሊኖራቸው ይችላል። የችግሩም ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሐኪሙ ለምን አያውቅም?

የዘመኑ መሣሪያ ሁሉን የሚያሳይ የሚመስለን ብዙዎች ነን። አልትራሳውንድ የድምፅን ማዕበል ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን አስተጋባ የሚያነብ መሣሪያ ነው። መነሻውም ከሠራዊቱ ሥራ የራቀ አይደለም፤ በባሕር ውስጥ የተደበቀ ሰርጓጅ መርከብንና በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅን ለማግኘት በድምፅ ከመጠቀም የመነጨ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ አየር ኃይል በሐኪምነት ያገለገሉት ኢያን ዶናልድ በግላስጎ ከተማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ዘዴ ወደ ሴቶች ሕክምና አምጥተው ውጤቱን በ1958 አሳትመዋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያሳየው ለመታየት የደረሰውን ብቻ ነው። እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ነው። በዚህ አቆጣጠር የእርግዝናው ከረጢት በአምስተኛው ሳምንት ገደማ መታየት ይጀምራል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በውስጡ ትንሽ ቀለበት የሚመስል የአስኳል ከረጢት ይታያል። ጽንሱና የልቡ ምት የሚታዩት ወደ ስድስተኛው ሳምንት ነው። እንግዲህ ቀኗን በአንድ ሳምንት ያሳሳተች ወይም እንቁላሏ ዘግይቶ የወጣ ሴት «ስድስት ሳምንቴ ነው» ብላ ስትመጣ እርግዝናው በእርግጥ የአምስት ሳምንት ሊሆን ይችላል። የልብ ምት ያልታየው ጽንሱ ስለ ሞተ ነው ወይስ ጊዜው ስላልደረሰ? በዚያች ሰዓት መሣሪያው ይህን ለይቶ አይናገርም።

የደም ምርመራውም እንዲሁ ነው። የእርግዝናው ሆርሞን አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚገኘው ቁጥር ብቻውን የሚነግረን ጥቂት ነው። ትርጉም የሚያገኘው ከ48 ሰዓት በኋላ እንደገና ተለክቶ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ነው። በብሪታንያ መመሪያ መሠረት ቁጥሩ ከመቶ 63 በላይ ከጨመረ እርግዝናው በማኅፀን ውስጥ እየቀጠለ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ከመቶ 50 በላይ ከቀነሰ የመቀጠሉ ተስፋ አነስተኛ ነው። በሁለቱ መካከል ከዋለ ግን ሴትዮዋ በ24 ሰዓት ውስጥ በልዩ ክሊኒክ እንድትታይ ይደረጋል። የእርግዝና ምርመራው «አለ» እያለ አልትራሳውንዱ ግን በማኅፀን ውስጥም ሆነ ውጪ ምንም ካላሳየ ሐኪሞች «ቦታው ያልታወቀ እርግዝና» ብለው ይመዘግባሉ። ይህ የበሽታ ስም አይደለም፤ የዕውቀታችን ድንበር እስከዚህ ድረስ ነው የሚል መግለጫ ነው።

የጦር ትምህርት የቀሰመ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ለቅኝት የተላከ ወታደር ተመልሶ «ጠላት አላየሁም» ሲልና «ጠላት የለም» ሲል በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የብዙ ሰው ሕይወት ነው። የመጀመሪያው ያየውን መናገር ነው፤ ሁለተኛው ያላየውን መፍረድ ነው። ጥሩ ቃኚ የት ድረስ እንደ ሄደ፣ በስንት ሰዓት እንደ ተመለከተ፣ ጭጋግ እንደ ነበረና እንዳልነበረ ጨምሮ ይናገራል። ጥሩ አዛዥም «አላየሁም» የሚለውን ሪፖርት እንደ ስንፍና ሳይቆጥር ቀጣዩን ቅኝት የሚልክበትን ሰዓት ይወስናል። በድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪምም ከዚህ የተለየ ግዴታ የለበትም።

ችኮላ ያስከተለው

ይህ ግዴታ ሲዘነጋ ምን እንደሚደርስ ከአየርላንድ የተገኘው ታሪክ ምስክር ነው። በ2010 በዚያች አገር አንዲት እናት ያሳለፈችው ነገር ለሕዝብ ይፋ ሆነ። በሆስፒታል ጽንሷ ሞቷል ተብሎ ማኅፀኗን የማጽዳት ቀጠሮ ተሰጥቷት ነበር። ልቧ አልቀበልም ብሏት በሌላ ሐኪም ዘንድ በአልትራሳውንድ ስትታይ የጽንሱ ልብ ሲመታ ተገኘ፤ ልጁም በሰላም ተወለደ። ወሬው እንደ ተሰማ ሌሎች ሴቶችም «በእኛም ደርሷል» እያሉ ተነሡ። በዚህም ምክንያት በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገውና በ2011 ዘገባው በወጣው ምርመራ 24 ተመሳሳይ ስሕተቶች ተመዝግበዋል።

በዚያው በ2011 በለንደን የሚመሩ ተመራማሪዎች ሐኪሞች «ጽንሱ ሞቷል» ለማለት የሚጠቀሙበትን ልክ ፈተሹ። በወቅቱ በብሪታንያ ባዶው ከረጢት 20 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ወይም የጽንሱ ቁመት 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ የልብ ምት ከሌለ ፍርድ መስጠት ይቻል ነበር። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ግን የሚያስደነግጥ ነበር። በ20 ሚሊ ሜትር ልክ ከሁለት መቶ አንዱ ያህል ፍርድ ሕያው ጽንስን ሙት የሚል ነው። ከዚህም በላይ አንድ ባለሙያ 20 ሚሊ ሜትር ብሎ የለካውን ከረጢት ሌላው ባለሙያ ሲለካው ከ16.8 እስከ 24.5 ሚሊ ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ታወቀ። ስሕተቱ የአንድ ሰው ስንፍና ሳይሆን የልኬቱ ተፈጥሮ ነበር ማለት ነው።

በዚህም የተነሣ የብሪታንያ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2011 ልኩን ወደ 25 እና ወደ 7 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረገ። በ2013ም በአሜሪካ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት መመዘኛ እነዚሁኑ ቁጥሮች ተቀበለ። ከልኩ በታች ከሆነ ግን በብሪታንያ መመሪያ ቢያንስ 7 ቀን ቆይቶ እንደገና ማየት ግድ ሆነ። ሰባት ቀን መጠበቅ ለእናቲቱ ከባድ ነው። የሰባት ቀን ጭንቀት ግን ያልፋል፤ በችኮላ የተወገደ ሕያው ጽንስ አይመለስም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ብሂል ለሐኪም ቤትም የሚሠራ ነው።

መጠበቅ መዘናጋት አይደለም

አሁን የተናገርነውን ይዞ «እንግዲያውስ ቤት ሄዶ መጠበቅ ነው» የሚል ካለ ግን ግማሹን ብቻ ሰምቷል። ከላይ ሦስተኛ ያልነው፣ ከማኅፀን ውጪ ያለው እርግዝና፣ ቱቦውን የቀደደ እንደሆነ ደም በሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ከውጭ የሚታየው ጥቂት ጠብታ ሆኖ ሳለ በውስጥ የሚፈስሰው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ «ገና አልታወቀም» የተባለች ሴት በምን ምልክት ወዲያውኑ መመለስ እንዳለባት ሳይነገራት ከሐኪም ቤት ደጃፍ ልትወጣ አይገባም።

ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው። በአንድ ወገን የሚበረታ ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፤ ራስን መሳት ወይም ሲቆሙ መፍዘዝ፤ ትኩሳት፤ ሁለት ትልልቅ የንጽሕና መጠበቂያ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስና ለሁለት ተከታታይ ሰዓት የሚቀጥል የደም መፍሰስ፤ እንዲሁም በትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመም። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚንቀው ነው። በሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ከሳንባ በታች ያለውን ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ በትከሻ ይሰማል። ሴትዮዋ «ትከሻዬን በርዶኝ ነው» ብላ ስትተኛ ጊዜው ያልፋል። አልትራሳውንድ በሌለበት ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ደግሞ የማያውቀው ነገር ከሌላው ይልቅ ሰፊ ስለሆነ፣ ይህን ምልክት ማስተማርና በጊዜ ወደ ሆስፒታል መላክ በእርሱ ላይ ይበልጥ ይጠብቃል።

ቃሉ እንዴት ይነገር?

ብዙ ሐኪሞች «አላውቅም» ማለት ክብራቸውን የሚቀንስ ይመስላቸዋል። ስለዚህም ሦስት ዓይነት መሸሸጊያ ያበጃሉ። አንዱ ዝምታ ነው፤ የአልትራሳውንዱን ገጽ ወደ ራሱ አዙሮ ለብዙ ደቂቃ ሳይናገር ይመለከታል፣ በአልጋው ላይ የተኛችው ሴት ግን ያንን ዝምታ እንደ መርዶ ትሰማዋለች። ሁለተኛው በባዕድ ቃላት መከለል ነው። ሦስተኛው ባዶ ማጽናኛ ነው፤ «አይዞሽ፣ ደህና ነው» ብሎ ይሸኛታል። ነገ ደህና ሳይሆን ሲቀር ሴትዮዋ የምታጣው ጽንሷን ብቻ አይደለም፤ በሐኪም ላይ ያላትንም እምነት ነው።

በአሜሪካ የፊላደልፊያና የቺካጎ የድንገተኛ ሕክምና መምህራን ይህንኑ ተመልክተው በ2020 አንድ የማመሳከሪያ ዝርዝር አሳትመዋል። ዝርዝሩ የተዘጋጀው ቁርጥ ያለ የምርመራ ውጤት ሳያገኝ ከድንገተኛ ክፍል የሚሰናበት ታካሚ ምን ሊነገረው እንደሚገባ ለማስተማር ሲሆን፣ ታካሚዎች ራሳቸው ሐሳብ ሰጥተውበታል። ሃያ አንድ ነጥቦች አሉት። ከባዱን ቀዶ ሕክምና ሳይቀር በደረጃ የሚማር ሐኪም «ገና አልታወቀም» ማለትንም እንደ አንድ ሙያ ሊማረው ይገባል የሚል አስተሳሰብ የወለደው ነው። ቃሉም ቦታ፣ ሰዓትና ሥርዓት አለው።

በእርግዝና መጀመሪያ ደም ላየች ሴት ይህ ሥርዓት ሲተረጎም የሚከተለውን ይመስላል። ሐኪሙ ከምርመራው በፊት «ዛሬ ቁርጥ ያለ መልስ ላናገኝ እንችላለን» ብሎ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ይህ ቃል ከምርመራው በኋላ ሲነገር ማምለጫ ይመስላል፣ በፊት ሲነገር ግን ዝግጅት ነው። ስለ እርግዝናው ምን እንደሚሰማት ሳይጠይቅ «እንኳን ደስ አለሽ» ወይም «እግዜር ያጽናሽ» አይልም፤ የተመኘችው ሊሆን ይችላል፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማርገዟንም ያላወቀች ልትሆን ትችላለች። ከምርመራው በኋላ ተቀምጦ ዓይኗን እያየ የታየውንና ያልታየውን ለያይቶ ይነግራታል። ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦

«እኅቴ፣ በማኅፀንሽ ውስጥ ከረጢቱ ታይቷል። ይህ ጥሩ ነው። ጽንሱ ግን ገና አልታየም። ምናልባት ለመታየት ጊዜው አልደረሰም ይሆናል፤ ምናልባትም እርግዝናው እያደገ አይደለም። ዛሬ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እኔም ሆንኩ ሌላ ሐኪም ሊለየው አንችልም። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ቀን እንደገና እናያለን፤ ያን ጊዜ የተሻለ መልስ እናገኛለን። እስከዚያው እነዚህ ምልክቶች ከታዩሽ ሌሊትም ቢሆን ነይ።»

በዚህ አነጋገር ውስጥ «አልታወቀም» የሚለው ቃል ብቻውን አልቆመም። ለምን እንዳልታወቀ፣ መቼ እንደሚታወቅና እስከዚያው ምን እንደሚደረግ ተከትሎታል። ታካሚዋ የምትፈራው የማይታወቀውን ብቻ አይደለም፤ ከማይታወቀው ጋር ብቻዋን መተዋን ነው። በመጨረሻም ሐኪሙ የሰማችውን በራሷ አነጋገር እንድትደግምለት ይጠይቃታል፣ ምልክቶቹንም በጽሑፍ ይሰጣታል። የደነገጠ ሰው ከተነገረው ብዙውን ይረሳልና።

አንድ ሌላም ሊነገራት የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚጨነግፉት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ የሚጨነግፉት በተፀነሱበት ጊዜ በተፈጠረ የክሮሞሶም ጉድለት ነው። እንስራ ስላነሣች፣ መንገድ ስለ ሄደች፣ ከባሏ ጋር ስለ ተጣላች ወይም ያማራትን ስላልበላች አይደለም። ይህን ሐኪሙ ካልነገራት ሌላውን ሰፈር ይነግራታል።

ስም ሲያቆስል

ቃል ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በእንግሊዝኛ ሕክምና መጻሕፍት በራሱ የጨነገፈውም ሆነ በፈቃድ የተወገደው ጽንስ በአንድ ስም «አቦርሽን» ይባል ነበር። በ1985 ፕሮፌሰር ሪቻርድ ቢርድና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ጽንስ በራሱ ለጨነገፈባት ሴት ይህ ቃል እንዳይነገር ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ በብሪታንያ የሐኪሞች አነጋገር ቀስ በቀስ ተለወጠ። በአሜሪካ መዝገብ ግን ደም የታያት ነፍሰ ጡር «ትሬትንድ አቦርሽን» በሚል የምርመራ ስም መመዝገቧ አልቀረም። ከ2021 ወዲህ ደግሞ በዚያ አገር ታካሚ የምርመራ ውጤቱን ወዲያውኑ በስልኩ እንዲያይ ሕግ ስለሚፈቅድ፣ አንዳንዷ ሴት ሐኪሙ ገብቶ ሳያነጋግራት ይህን ስም ታነባለች።

ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ይበልጥ ይከብዳል። በቋንቋችን «አስወረዳት» ስንል ነገሩ በእርሷ ላይ የደረሰ ነው፤ «አስወረደች» ስንል ግን አድራጊዋ እርሷ ናት። ሁለቱን የሚለዩዋቸው የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። በዋሺንግተን ወይም በሌላ የባዕድ ከተማ ድንገተኛ ክፍል የገባች የአገራችን ሴት የቤተ ዘመድ ልጅ ወይም ያልሠለጠነ አስተርጓሚ ያንን የመዝገብ ስም «ውርጃ» ብሎ ቢተረጉምባት በሐዘኗ ላይ ክስ የተጨመረባት ያህል ነው። እዚህም ሆነ እዚያ «ጽንሱ ሊጨነግፍ ይችላል፤ ላይጨነግፍም ይችላል» ማለት ይበቃል። ቃሉ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ማንንም አይወቅስም።

ዝምታን በመድኃኒት መሸፈን

«አላውቅም» ማለት የከበደው ሐኪም የመድኃኒት ወረቀት መጻፍ ይቀለዋል። ለብዙ ዘመን «ከአልጋ አትነሺ» ይባል ነበር፤ መተኛት ጽንስ እንዳይጨነግፍ እንደሚያደርግ ግን ማስረጃ አልተገኘለትም። ተኝታ የከረመች ሴት ጽንሱ ሲጨነግፍባት «አንድ ቀን ተነሥቼ ነበር» እያለች ራሷን ትወቅሳለች።

ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞንም በመጀመሪያ በጠቀስነው የ2019 ጥናት ተፈትኖ ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 75ቱ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 72ቱ ወለዱ፤ ልዩነቱ ለሁሉም ይሰጥ ለማለት የሚያበቃ ሆኖ አልተገኘም። ከዚያ በፊት ሦስትና ከሦስት በላይ ጽንስ በጨነገፈባቸው ሴቶች ግን ከመቶ 72 ለ57 ሆነ። ስለዚህም የብሪታንያ መመሪያ በ2021 መድኃኒቱን ደም ለታያቸውና ከዚያ በፊትም ጽንስ ለጨነገፈባቸው ሴቶች ፈቀደ። እውነተኛ ሐኪም ይህን ልክ ይናገራል፤ ለማይጠቅማት ሴት ተስፋን በእንክብል አይሸጥም፣ ለሚጠቅማትም አይነፍግም።

አያቶቻችን ሾተላይ ብለው የሚፈሩት፣ ሳይንስ የእናትና የጽንስ የደም ዓይነት አለመስማማት ብሎ የገለጸው ችግርም እዚህ ላይ ይነሣል። የደም ዓይነቷ ኔጋቲቭ የሆነ እናት የሚሰጣት መከላከያ መርፌ አለ። በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ደም ሲታይ ይሰጥ አይሰጥ በሚለው ላይ ግን መመሪያው ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር የደም ዓይነቷን ማወቅና ሐኪሟን መጠየቅ ይጠቅማታል።

ከደሙ በኋላ የሚቀረው

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የአነጋገር ጌጥ እንዳይመስለን አንድ አኃዝ እንጨምር። በለንደንና በቤልጂየም ሆስፒታሎች በተደረገና በ2020 በታተመ ጥናት፣ በእርግዝና መጀመሪያ ጽንስ ከጨነገፈባቸው ወይም ከማኅፀን ውጪ እርግዝና ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ከመቶ 29ኙ ከአንድ ወር በኋላ የከባድ ድንጋጤ ቁስል ምልክት ታይቶባቸዋል። ከዘጠኝ ወር በኋላም ከመቶ 18ቱ አልዳኑም ነበር። ምልክቱም ያለፈውን በሕልምም በእውንም ደጋግሞ ማየት፣ የሚያስታውስን ሁሉ መሸሽ፣ መበርገግ ነው። ይህ ምልክት ከውጊያ የተመለሱ ወታደሮችን ላየ የሠራዊት አባል እንግዳ አይደለም። በጦር ሜዳ ለወደቀ ጓደኛው የሚያለቅስን ሰው «ተወው፣ ሌላ ታገኛለህ» የሚለው የለም። ጽንሷ ለጨነገፈባት ሴት ግን «ልጅነት ነው፣ ሌላ ትወልጃለሽ» እንላታለን። በመልካም ልብ የተነገረ ቢሆንም ሐዘኗን ቦታ ይነሣዋል።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ወደ ድንገተኛ ክፍል የምትሄድ ሴት፣ ወይም አብሯት የሚሄድ ባል፣ እናትና እኅት አምስት ጥያቄዎችን ይዘው ይሂዱ። ምን ታየ? ምን አልታየም? እርግዝናው ከማኅፀን ውጪ ሊሆን ይችላልን? መቼ እንደገና እንታያለን? በምን ምልክት ሳንዘገይ እንመለስ? ለእነዚህ መልስ ሳያገኙ አይውጡ። በግዳጅ ላይ ያለ ባል ከቤቱ ለሚደርሰው ጥሪ «ምን ሆነ?» ብሎ ደጋግሞ መልስ ከመጠየቅ ይልቅ «ቀጠሮው መቼ ነው? ማን አብሯት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቅ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ገና መልስ የለም፤ ለሁለተኛው ግን መልስ አለ፣ መልሱም ብቻዋን እንዳትሆን ያደርጋታል።

ለሐኪሞቻችን፣ ለነርሶቻችንና ለአዋላጆቻችን የምንለውም አንድ ነው። ሕዝቡ ሁሉን እንድታውቁ አይጠይቃችሁም። ያያችሁትን እንዳያችሁት፣ ያላያችሁትንም እንዳላያችሁት እንድትነግሩት፣ ከዚያም የሚቀጥለውን ቀን እንድትቀጥሩለት ይጠይቃችኋል። ለእናቲቱ እስከዚያ ቀን የሚያደርሳት ስንቅ ይህ ነው።